ሐሜተኛዋ ሽቦ

«ለምን አላገባሁም» የሚል ጽሑፍ ከነፎቶዬ በጋዜጣ ላይ ያወጣሁ ሰው ነኝ። ትዳርን፣ ሠርግን፣ ሽማግሌን፣ ቬሎን፣ ካሜራ ተሸክሞ ወደ ኋላ እየሄደ ወንበር የሚገለብጠውን ቪዲዮ ቀራጭ ሳይቀር ልካቸውን ነግሬያቸዋለሁ ብዬ አምኜ ነበር። ዛሬ ከዚያ ጽሑፍ የቀረኝ አንድ ቁራጭ ብቻ ነው። እሱም የሚገኘው መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ሳይሆን አንድ አሮጌ የጊታር አምፕሊፋየር ሆድ ውስጥ፣ ስፒከሩ ላይ በኮላ ተለጥፎ ነው። እንዴት እዚያ እንደገባ ልንገራችሁ።

ያኔ ጭሮ ከተማ ታሪክ የማስተምር፣ ሃምሳን የተጠጋሁ ወንደላጤ ነበርኩ። «ጭሮ» ከሚሉት ጋር ስሆን «አሰበ ተፈሪ» እላለሁ፤ «አሰበ ተፈሪ» ከሚሉት ጋር ስሆን «ጭሮ» እላለሁ፤ መቃረንን እንደ ሁለተኛ ሥራ ይዤው ነበር። ብዙ አነባለሁ፣ ያነበብኩትን ሁሉ እተቻለሁ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ ቤቴን ዘግቼ ጊታር እመታለሁ። ሰው ፊት ግን ተጫውቼ አላውቅም። ጣቴ ክሩን ገና ሳይነካ ጭንቅላቴ ውስጥ የሚኖር አንድ ሃያሲ «ይሄማ ተራ ነው» ይለኛል። እኔም አምነዋለሁ፤ ከአንባቢዎቼ ሁሉ ታማኙ እሱ ነበርና።

ክረምቱ እንደወጣ ወይዘሮ ሸዋዬ የሚባሉ እናት ወድቀው እግራቸው ተሰብሮ ስለነበር ከመምህራን ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን። ልጃቸው ሲስተር አስካለ በሆስፒታሉ የማዋለጃ ክፍል የምትሠራ፣ አርባን ያለፈች፣ እንደ እኔው ያላገባች ሴት ናት። የማስተምራቸውን ልጆች ግማሹን ያዋለደችው እሷ ስለሆነች ክፍል ውስጥ ሲረብሹኝ አንዳንዴ በልቤ እሷን እወቅስ ነበር። ሰው ሁሉ «እግዚአብሔር ይማርዎት» ሲል የእኔ ዓይን ቴሌቪዥኑ ሥር ቀረ። ቴሌቪዥኑ የተቀመጠው ዳንቴል በለበሰ የእንጨት ሳጥን ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ ከኋላው ስመለከት አቧራ የጠጡ የመስታወት ቱቦዎች ተደርድረዋል።

«የአባቴ ናት» አለች ሲስተር አስካለ። «አሰቦት ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ጊታር የሚጫወቱባት። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ተንፍሳ አታውቅም።»

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ትራንዚስተር የሚባለው ነገር ከመምጣቱ በፊት ድምፅ የሚያጎሉት እንዲህ ያሉ አምፖል የሚመስሉ ቱቦዎች ነበሩ። ይግላሉ፣ ይሰበራሉ፣ ለመንቃት ጊዜ ይፈጃሉ። ጊታር የሚወዱ ሰዎች ግን ዛሬም በእነሱ ይምላሉ። የእኔ ትንሽ አምፕሊፋየር አዲስ ናት፤ ድምጿ ቃለ ጉባኤ የሚያነብ ሰው ይመስላል። ያቺን ሳጥን ካየሁ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። ሄጄ እንዳልጠይቅ ደግሞ ሲስተር አስካለ ፊት ስቆም ፊቴ ይቀላል። ለምን እንደሚቀላ ያኔ ራሴን አልጠየቅሁም። ሁሉን የሚጠይቅ ሰው የሚዘለው ጥያቄ አያጣም።

ጭንቀቴን ለሬዲዮ ጠጋኙ ለአብዲ ነገርኩት። አብዲ እኩያዬ ነው፤ ቤቱ መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ እጁ ጥሩ ነው፤ አፉ ግን ከእጁ ይቀድማል። ከገለምሶ እስከ መቻራ ያልከፈተው ሬዲዮ፣ ያልተጣላው ቴሌቪዥን የለም ብሎ ይፎክራል።

«አቦ ቲቸር፣ ራስህ ሄደህ ጠይቃት!»

«አልችልም።»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

አብዲ የያዘውን የጫት ቅጠል አፉ ጋ አድርሶ አቆመው። ለረጅም ጊዜ አየኝ። «እሺ» አለ። «በቃ ሽማግሌ እንልካለን።»

ሳቅኩ። ሽማግሌን በጋዜጣ የተሳለቅኩበት እኔ፣ ለአምፕሊፋየር ሽማግሌ ስልክ! ቀልዱ ስለጣመኝ ተስማማሁ። ጡረታ የወጡት ዳኛ አቶ ደምሴ ተለመኑ። እሳቸው ከሂርና ወዲህ ያለውን ትዳር ሁሉ ያጣመሩ፣ ቆመው መናገር ከጀመሩ የማያቆሙ ሰው ናቸው። ከአብዲ ጋር ሆነው ማክሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ሸዋዬ ቤት ደረሱ።

እዚያ የሆነውን በኋላ አብዲ እየተንከባለለ ነው የነገረኝ። አቶ ደምሴ በር ላይ ቆሙ፤ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ከዚያ ያው የለመዱትን ንግግር ጀመሩ።

«ወይዘሮ ሸዋዬ፣ እቤትዎ አንዲት ውድ ነገር አለች። ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ በክብር ይዘዋታል። ልጃችን ቲቸር ዓይኑን ጥሎባታል። ሊወስዳት፣ ሊንከባከባት፣ ድምጿን ዳግም ሊያሰማት ይፈልጋል። እንዳያሳፍሩን።»

ወይዘሮ ሸዋዬ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ማን ይጠይቃታል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር እኮ።»

«ኧረ እማማ!» አለ አብዲ። «የድሮ ሥራ እኮ ነው የሚጠነክረው፣ ወላሂ!»

«እስከ ቅዳሜ ስጡኝ። አጎቷ ከአሰቦት ይምጣ፤ ዘመድ ይምከርበት።»

«እስከዚያው ግን ሳጥኗን ወስደን ብንጠግናትስ?» አለ አብዲ።

ወይዘሮ ሸዋዬ ይህን ሲሰሙ ጭራሽ ተነኩ። «ውሰዱ! የአባቷን ዕቃ አስቀድሞ የሚያድስ ሰው እንዴት ያለ ጨዋ ነው!»

እንግዲህ እኔ ያላወቅኩትን እናንተ እወቁት። ቤታችን የምንወደው ዕቃ ሁሉ «እሷ» ነው፤ ድስቱም ሬዲዮውም ሳጥኑም። በዚያች አንዲት «እሷ» ምክንያት እናትየው ልጃቸው የተጠየቀች መሰላቸው። እኛ ደግሞ ሳጥኗ ለሙከራ የተሰጠችን፣ ዘመድ ቅዳሜ ለዘለቄታው የሚፈቅድልን መሰለን። ሁለቱም ወገን ደስ ብሎት ተለያየ።

ከተማው ሰማ። ጭሮ ላይ ወሬ ባጃጅ አያስፈልገውም። ረቡዕ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ግቢ ውስጥ እጄን ይዞ ሊነቅለው ደረሰ።

«እንኳን ደስ አለህ! ሰማን እኮ!»

«ገና ነው፣ ቅዳሜ ነው የሚለየው» አልኩት። «ለጊዜው ለሙከራ ነው የሰጡኝ።»

«ለሙከራ?»

«አዎ፣ አብዲ ጋ ናት። ትናንት ከኋላ ከፍተን አየናት፤ አቧራዋን ካራገፍንላት ደህና ናት።»

ርዕሰ መምህሩ እጄን ቀስ ብሎ ለቀቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳምንቱን በሙሉ ስብሰባ ላይ ከአጠገቤ አልተቀመጠም። እኔ በሙዚቃ ይቀናል ብዬ ደመደምኩ።

በእነዚያ ቀናት ግን እንዴት ያለ ደስታ እንደነበረኝ! ከክፍል ወጥቼ እየሮጥኩ አብዲ ጋ እሄዳለሁ። አብዲ መጀመሪያ ያረጁትን ኮንደንሰሮች ቀየረ፤ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ቆርቆሮዎች ናቸው። «እጅህን እንዳትሰድ፣ ስፒናዋ ተነቅሎም ትናከሳለች» አለኝ። እኔ ይህን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር። አውቄም ሰደድኩ። ጀርባዬ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ አብዲ «አወቀችህ!» ብሎ አጨበጨበ።

ከዚያ ስፒከሩ መጣ። የስፒከሩ ወረቀት ከጎኑ ተቀድዶ ነበር። አብዲ ሳጥኗን ከአቧራ እንዲሸፍንባቸው ከቤቴ ካመጣሁለት ጋዜጦች አንዱን ቀደደና በኮላ ለጠፈበት። የፊት ጨርቋንም ገፍፎ ጣለው፤ «ጨርቅ አፍ ላይ ታስሮ ማን ይዘፍናል?» አለ። የትኛውን ጋዜጣ እንደቀደደ አላየሁም። ቤቴ የሚበዛው ጋዜጣ የእኔ ጽሑፍ የወጣበት መሆኑን ማሰብ ነበረብኝ።

ሐሙስ ከሰዓት አበራናት። ቱቦዎቹ ቀስ በቀስ እንደ ፍም ቀሉ። ጊታሩን ሰካሁና መታሁ። ድምፁ ንጹሕ ነው። ሹክሹክታ የለው፣ ጉርምርምታ የለው። አብዲ በኩራት አበጠ። እኔ ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። ምን እንደጎደለ የነገረችን ከሥራ ስትመለስ በር ላይ ቆማ ያገኘናት ሲስተር አስካለ ናት።

«ዜና ታነባለች» አለች።

«ምን?» አለ አብዲ።

«ድምጿ። ዜና ታነባለች። የአባቴ ትስቅ ነበር። ክሩን ጠንከር አድርገው ሲመቱት ከት ብላ ትስቃለች፤ እኔም ልጅ ሆኜ አብሬያት እስቅ ነበር። እናቴ ከጓዳ ‹ሁለቱንም ዝም አሰኟቸው!› ትላለች።»

አብዲ ቅር አለው። «እሺ ሲስተር፣ እስከ ቅዳሜ ትስቃለች። ቅዳሜ ግን ዘመዶችሽ ሳጥኗን ለቲቸር ለዘለቄታው ይፈቅዱለታል አይደል? ሽማግሌ የላክነው እኮ ለዚህ ነው።»

ሲስተር አስካለ አብዲን አየች። ሳጥኗን አየች። እኔን አየች፤ ፊቴ በልማዱ ቀላ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ወጣች። በዚያች ደቂቃ ከከተማው ሁሉ ነገሩን ከሁለቱም ወገን ያወቀች እሷ ብቻ ናት። አንድ ቃል ብትናገር እናቷ ያፍራሉ፣ እኔም አገር ለቅቄ እጠፋለሁ። ዝም አለች።

እኔ ጋ ደግሞ የቀረችው «ትስቅ ነበር» የምትለው ቃል ናት። መጽሐፌን አገላበጥኩ፣ ስልኬ ላይ አነበብኩ፣ ዓርብ ዕለት ለአብዲ አንዲት ቀጭን ሽቦ አሳየሁት። ሽቦዋ ስፒከሩ ጋ ትነሳና ወደ ኋላ ተመልሳ መጀመሪያው ቱቦ አጠገብ ትገባለች። ሥራዋ የወጣውን ድምፅ ገልብጣ ወደ መነሻው መመለስ ነው። በዚህ ምክንያት አምፕሊፋየሩ ራሱን እያረመ፣ እየቆጠበ፣ ሳይሳሳት ይናገራል። በአባትየው ዘመን ሽቦዋ ትኑር አትኑር፣ በኋላም ማን እንደጨመራት የሚነግረን አልነበረም።

አብዲ ዓይኑን አጥብቦ ሰማኝና ጭኑን መታ።

«አቦ ይቺማ ሐሜተኛ ናት! ከፊት የተነገረውን ትሰማና በጓሮ ሄዳ ‹እንዲህ ብለሃል አሉ› ትለዋለች። እሱም አፍሮ ድምፁን ይቀንሳል። ጎረቤቴ ቁርጥ እሷን ነው!»

«ትቆረጥ» አልኩ።

«አትቆረጥም» አለ አብዲ። «ሐሜተኛም አንዳንዴ ትፈለጋለች። ማብሪያ ማጥፊያ አደርግላታለሁ።» የብየዳውን ካውያ አነሣ፤ ከአሮጌ ቴፕ ላይ የነቀላትን ማጥፊያ ከኋላ በኩል ቀዳዳ አበጅቶ አስገባት። ቆረጠ፣ በየደ፣ አጠፋ።

ጠንከር አድርጌ መታሁ። ሳጥኗ መጀመሪያ ጎርነን አለች፤ ከዚያ ጠርዟ ላይ ተሰነጠቀች፤ ከዚያ፣ እንዴት ልበላችሁ፣ ከት ብላ ሳቀች። አብዲ ምርቃናው ላይ ስለነበር ተነሥቶ ጨፈረ። መናኸሪያው በር ላይ የሚጮኸው የታክሲ ረዳት መጥራቱን ትቶ አንገቱን አስገባ። እኔ ደግሞ ሰው ፊት እየተጫወትኩ መሆኔን ያወቅኩት ጨርሼ ቀና ስል ነው።

ቅዳሜ ሳጥኗን ባጃጅ ላይ ጭነን ከአቶ ደምሴ ጋር ወይዘሮ ሸዋዬ ቤት ደረስን። በሩን ሳልፍ ደነገጥኩ። ወንበር ግድግዳውን ተከትሎ ተደርድሯል፤ ዘመድ በዕድሜው ተቀምጧል፤ ሴቶቹ ነጭ ለብሰዋል። ከአሰቦት የመጡት አጎት አቶ በቀለ መሐል ላይ ናቸው። ሲስተር አስካለ ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ እናቷ አጠገብ አንገቷን ደፍታለች።

«ለአንድ አምፕሊፋየር ይህን ያህል ሰው?» አልኩት አብዲን በሹክሹክታ።

አብዲ ዙሪያውን ቃኘ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። «ቲቸር» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ እምልህ... ማክሰኞ የጠየቅነው ምንድነው?»

ወይዘሮ ሸዋዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዘመድ መክሯል። ልጃችንን በክብር ስለጠየቃችሁን ደስ ብሎናል። መልሱን ከመስጠታችን በፊት ግን አስካለ ‹የአባቴን ሳጥን መጀመሪያ ልስማት› ብላለች። እስቲ አሰሙን።»

ልጃችንን! አቶ ደምሴን አየሁ፤ እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ። መናገር አልችልም፤ ብናገር እናቲቱን ከነስብራታቸው ልገድላቸው ነው። ሳልናገር ብቀር የሌላን ሰው ሕይወት በአንዲት «እሷ» ልወስን ነው። አብዲ ግን ስፒናዋን ሶኬት ውስጥ ሰክቶ ማብሪያዋን ተጭኖ ነበር።

«ቆዩ፣ ገና ናት» አለ ላብ እያጠመቀው። «እስክትመረቅን ትንሽ ትፈልጋለች።»

ቱቦዎቹ እስኪግሉ ዘመድ ሁሉ ሳጥኗ ላይ አፈጠጠ። በዚህ መሐል አቶ በቀለ መነጽራቸውን አወጡ። ወደ ሳጥኗ ጎንበስ አሉ። ጨርቅ የሌላት ሳጥን፣ ፊቷ የተገለጠ ስፒከር፣ ስፒከሩ ላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል፣

«ለ...ምን... አላ...ገባሁም» ብለው አነበቡ አቶ በቀለ። ቀና ብለው አዩኝ። እንደገና ጎንበስ አሉ። «ፎቶውም ያንተ ነው ልበል?»

«ከወረቀት ወረቀት የለም ወይ!» አልኩት አብዲን በጥርሴ መሐል።

«ወፍራም ፊደል ያለበትን መረጥኩ» አለ አብዲ እያለከለከ። «ቀለሙ ወረቀቱን ያጠነክረዋል ብዬ።»

አቶ በቀለ ማንበባቸውን ቀጥለዋል። «‹ትዳር ማለት ሁለት ሰው...› ከዚህ ወዲያ ተቀድዷል። ሁለት ሰው ምን?» አሉ። ወይዘሮ ሸዋዬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ሃያሲ እንኳን ጠፍቶ ነበር።

ያኔ ሲስተር አስካለ ቀና አለች።

«ተጫወት» አለችኝ። እስከዚያ ቀን «አንቱ» ትለኝ የነበረች ሴት ናት። «ተጫወት። ስፒከሩ ሲንቀጠቀጥ አይነበብም።»

መታሁ። ምን እንደመታሁ አላስታውስም፤ በደንብም አልነበረም። ፊደሎቹ ግን ተንቀጠቀጡ፣ ተደበላለቁ፣ ጠፉ፤ ፎቶዬም ጠፋ። ሳጥኗ ከት ብላ ሳቀች። አስካለ መጀመሪያ እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ እጇን አነሣች፤ እንደ ሳጥኗ ሳቀች። አቶ በቀለ «ወንድሜ! ወንድሜ ራሱ!» ብለው ጭናቸውን መቱ። ወይዘሮ ሸዋዬ እያለቀሱ «ሁለቱንም ዝም አሰኟቸው!» አሉ፤ ማንም ግን ዝም ያለ የለም።

ድምፁ ሲበርድ አቶ ደምሴ ዕድሉን አገኙ። ተነሥተው «እንግዲህ መልሱን...» ሲሉ አስካለ ቀደመቻቸው።

«ሳጥኗን አልሰጥም» አለች። «የአባቴ ናት፣ ከዚህ ቤት አትወጣም።» ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል ቀጠለች። «መጫወት የፈለገ እዚህ እየመጣ ይጫወት።»

አቶ ደምሴ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። «በዳኝነት ዘመኔ» አሉ፣ «ከዚህ የጠራ እሺታ ሰምቼ አላውቅም!» እልልታው የመናኸሪያውን ጡሩምባ በለጠው።

አንባቢዎች ሆይ፣ ከዚህ ምን ተማርክ ትሉኝ ይሆናል። ስለ ትዳር የጻፍኩት ስሕተት ነበር አልልም፤ ስለ ቪዲዮ ቀራጩ ያልኩት አሁንም ልክ ነው። የተለወጠው ሌላ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጨዋነት የመሰለኝ ነገር አንዲት ቀጭን ሽቦ ኖራለች። ገና አፌን ሳልከፍት የምናገረውን ገልብጣ ታቀብለኝ ነበር፤ እኔም ሳልሳሳት ስቀር የተሳካልኝ ይመስለኝ ነበር። እናንተም ከኋላችሁ ዳብሱ፤ አትቁረጧት፣ ማጥፊያ ግን አብጁላት። በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በዚያች ሳጥን እጫወታለሁ፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ እሳሳታለሁ፤ እሷም ትስቃለች፣ ሁለቱም «እሷ»ዎች።

ወረቀቱን ልንነቅለው ሞክረን ነበር። ኮላው የአብዲ ነውና እንቢ አለ። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል፣ ጎንበስ ይላል፣ መነጽሩን ይፈልጋል። ያኔ አስካለ ጊታሩን ከግድግዳ አውርዳ ታቀብለኛለች።

«ቶሎ ተጫወት» ትለኛለች በጆሮዬ። «ሰውዬው ማንበብ ጀምሯል።»